አስተርጓሚው ያረመው ቃል

በእኛ ሥራ ሳያውቁት ከሚጎዱን ሰዎች ቀዳሚዎቹ ጎበዝ አስተርጓሚዎች ናቸው። መውቀሴ አይደለም። አብዛኞቹ ትጉህ፣ ሰው አክባሪ፣ በትንሽ ክፍያ ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲሮጡ የሚውሉ ናቸው። ጣጣው ያለው ከሥራው ጠባይ ላይ ነው። አስተርጓሚ የሚከፈለው ሐሳቡን አጥርቶ ለማድረስ ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን ሳይጠራ፣ እንዳለ፣ ከነስብራቱ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን እያሳየ «ታታ» ይላል። ሻማ ሲያይም «ታታ»። በር ጣቱን ቆንጥጦት ሲያለቅስም «ታታ»። አጠገቡ የተቀመጠው አስተርጓሚ ልጅ የሚወድ ሰው ነው፤ ዓይኑ የልጁን ዓይን ይከተላል፤ ለባልደረባዬም በጥሩ እንግሊዝኛ «ጫማ አለ»፣ «ሻማ አለ»፣ «ጣቴን አለ» እያለ ያቀብላታል። ባልደረባዬ አማርኛ አትሰማም፤ ወረቀቷ ላይ ሦስት ቃል መዘገበች። ልጁ ግን ያወጣው አንድ የድምፅ ቅርጽ ብቻ ነው። ጨ፣ ሸ እና ጠ ሦስቱም እሱ አፍ ውስጥ ተ ሆነዋል፤ የቃሉም መጨረሻ መጀመሪያውን ገልብጧል። ለእኔ ይህ ትልቅ ምልክት ነው፤ ሕክምናው ከየት መጀመር እንዳለበት የሚነግረኝ እሱ ነው። አስተርጓሚው በደግነቱ አረመውና ምልክቱ ጠፋ።

እናትየዋም ላይ የሚደርሰው ያው ነው። «እኔ እንጃ፣ ሰው ሁሉ ይናገራል አትጨነቂ ይለኛል፣ ልቤ ግን አላረፈም» ትላለች። በእንግሊዝኛ የሚደርሰው «እርግጠኛ አይደለችም» የሚል ነው። የእናት ስጋት በእኛ ሙያ እንደ ወሬ አይታይም፤ መረጃ ነው፤ ከልጁ ምርመራ እኩል መዝገብ ላይ የሚሰፍር። «ልቤ አላረፈም» ያለችን ሴት «እርግጠኛ አይደለችም» ብሎ መመዝገብ መረጃውን ገልብጦ ማስፈር ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዙሪያዋ ነው። ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና እሰጣለሁ። ሐበሻው ባጭሩ «ስፒች» ይለዋል፤ «ልጄ ስፒች ጀመረ»፣ «የስፒቿ ልጅ መጣች»። አንዳንዱ ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም ማለቱ ሲሰለቸኝ ዝም እላለሁ። ገና ጫማዬን ሳወልቅ «በስንት ቀን ይናገራል?» የሚሉኝም አሉ፣ መርፌ ይዤ የመጣሁ ይመስል።

የምለው ነገር አንድ ነው። ይህ ሙያ በልጁና በባለሙያው መካከል የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በሳምንት አንድ ሰዓት እገባለሁ፤ የቀረውን ሳምንት ልጁ ከእናቱ፣ ከአባቱና ከአያቱ ጋር ነው። በእኔ አንድ ሰዓት አፉን የሚፈታ ልጅ የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራዬ ልጁን የሚያናግሩትን ሰዎች ማሠልጠን ነው፤ ይህ ደግሞ ልጁን አቅፈው በሚያባብሉበት ቋንቋ ካልሆነ አይሆንም። የዋሽንግተንን አካባቢ ሆስፒታሎች በነርስና በፋርማሲስት የሞላ ሕዝብ ይህን ሙያ ባዶ መተዉ ዋጋ እያስከፈለን ነው። ባለሙያው እስኪገኝ ድረስም እናትየዋን «አማርኛሽን ተይው» የማለት መብት ያለው ማንም የለም።

እዚህ አካባቢ ብዙ ቤት አያት አለች። ልጅ ሲወለድ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከጎንደር በጎብኚ ቪዛ ትመጣለች፤ አቅፋ፣ አዝላ፣ አብልታ ቪዛዋ ሲያልቅ ትመለሳለች። አንድ ቤት ያገኘኋቸው እማማ የልጅ ልጃቸውን ነፍሳቸውን እስኪስቱ ይወዱታል። ልጁ ማቀዝቀዣውን ገና ሲያየው ወተቱ ቀርቦለታል፤ እጁን ሳይዘረጋ ጉርሻው አፉ ውስጥ ነው። ምንም ስለማይጎድለው የሚጠይቀው ነገር የለም። «እማማ፣ ጉርሻውን ያዘጋጁና አፉ ጋ ሲደርስ ይቁሙ። ፊቱን ይዩት። በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ» አልኳቸው።

«ልጁን ላስርበው ነው የምትይኝ?»

«አይደለም እማማ፣ አንዲት ነገር እስኪያሳይዎ ነው።»

አራት ሳይቆጥሩ አጎረሱት። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በሌላ ቀን ቆየት ብለው ሞከሩት። ልጁ እንጀራውን አየ፤ እጃቸውን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየና «እም» አለ። እማማ እልል አሉ፤ እናትየዋ ከላይ ቤት ምን ሆናችሁ ብላ ወረደች። ያቺ ከምግቡ ወደ ሰው ፊት የዞረች ዓይን ከመጀመሪያው ቃል በፊት የምትመጣ ናት። ልጅ ቃል የሚማረው ከዕቃ አይደለም፤ እሱ የሚያየውን ሌላ ሰው አብሮት ሲያይ ነው።

ይህንኑ ምክር በአስተርጓሚ ስጡት። «እስከ አሥር ቁጠሪ» የሚለው ይተረጎማል። «ላስርበው ነው?» ውስጥ ያለው ቁጣና «እማማ» ብዬ ያለዘብኩበት ድምፅ ግን እዚያው ይቀራል። አያት ደግሞ ያላመነችበትን ምክር እኔ በሩን ዘግቼ ስወጣ ትተወዋለች፤ ልጁን ያሳደገችው እሷ ናት፣ እኔ ማን ነኝ?

የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አብዛኛው መሣሪያ እቤታችን መኖሩ ነው። የሙያው መጻሕፍት ልጁ አስመስሎ መጫወት መጀመሩን ለማየት አሻንጉሊት ድብ ሲያጥብ፣ በትንሽ ኩባያ ሻይ ሲቀዳ እንድናይ ይመክራሉ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቶ የማያውቅ የሐበሻ ልጅ ድቡን አንስቶ ይወረውረዋል፤ ወረቀቱ ላይም «አስመስሎ አይጫወትም» ይጻፍበታል። ባዶ ስኒና ትንሽ ጀበና ስጡት። ጀበናውን ያዘነብላል፤ ሳይፈስ እንዲቀር ቀና ያደርጋል፤ ስኒውን በሁለት እጁ ለአባቱ ያቀርባል፤ ይባስ ብሎ ዕጣን እንደሚያጨስ ሰው እጁን ያወዛውዛል። ቦርሳዬ ውስጥ ከሳሙና አረፋውና ከምትሽከረከረው መኪና ጋር አንዲት የሸክላ ጀበና አለች፤ ከሁሉም ዕቃ የምታገለግለኝ እሷ ናት። አኩኩሉስ ቢሆን? አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ተደብቆ ይመልሳል፣ ተራው ይደርሳል። ንግግር ከመሠረቱ ተራ ጠብቆ መቀባበል ነው፤ እኛ ይህን ለልጆች የምናስተምርበት ጨዋታ ከድሮም አለን። እንቆቅልሽም ያው ነው፤ ጠያቂና መላሽ ካልተቀባበሉ አይሄድም።

ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ዛሬም ድረስ አንዳንድ የሕፃናት ሐኪም፣ አንዳንድ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ «ልጁ በሁለት ቋንቋ ግራ እየተጋባ ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ይላል። ምክሩ የተሳሳተ ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም፤ የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበርም ወላጆች የቤት ቋንቋቸውን እንዲይዙ ነው የሚመክረው። «ለጤነኛ ልጅ ይሆን ይሆናል፣ ችግር ላለበትስ?» ለሚለኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ካናዳዊቷ ተመራማሪ ኤሊዛቤት ኬይ-ሬይኒንግ በርድ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት አለ። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸውን፣ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ልጆች እንግሊዝኛ ብቻ ከሚሰሙ ተመሳሳይ ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙት በእንግሊዝኛቸው አላነሱም። ሁለተኛው ቋንቋ ሸክም ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች ላይ ይታይ ነበር።

ምክሩን የታዘዘች እናት ቤት ምን እንደሚሆን ግን ጥናት ሳያስፈልገኝ በዓይኔ አያለሁ። ሌሊት ሆቴል ታጸዳለች ወይም ፓርኪንግ ቲኬት ትቆርጣለች፤ እንግሊዝኛዋ የሥራ ቦታዋ እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ብትሆን መስኮቱ ጋ ቆማ «አየኸው የኔ ጌታ፣ ዶፉን እኮ ለቀቀው! ጫማህን ካላደረግህ እግርህ ሊረጥብ ነው፤ የታለች አንደኛዋ? ሶፋው ሥር ገብታ ይሆን?» የምትል ሴት ናት። በእንግሊዝኛ የቀራት «ካም ሂር»፣ «ሲት»፣ «ኖ»፣ «ዶንት ታች» ነው። ዝናቡም ጠፋ፣ የተደበቀችው ጫማም ጠፋች፣ ጥያቄውም ጠፋ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ብቻ ይሰማል። ቋንቋ እንዲያድግለት ተብሎ ቋንቋው ተቀነሰበት።

አባቶች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ተገቢ ነው። «ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ ኋላ አይቀርም ወይ?» እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤቱ፣ ከጎረቤቱ፣ ከቴሌቪዥኑ፣ ከመጫወቻ ሜዳው ያገኘዋል፤ ሳትፈልጉም ያገኘዋል። አማርኛውን የሚያገኘው ግን ከእናንተ ብቻ ነው። በአማርኛ «ከሥር»፣ «በኋላ»፣ «ለምን» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ የያዘ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲመጣበት አዲስ የሚሆንበት ስሙ ብቻ ነው። እዚህ አገር ስኖር ብዙ የጠፋ አማርኛ አይቻለሁ፤ የጠፋ እንግሊዝኛ ግን አላየሁም።

እግረ መንገዴን ስለ ዩቲዩብ። ብዙ ቤት ስገባ የምሰማው ኩራት «ፊደሉን በእንግሊዝኛ ጨርሷል፣ እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ ቀለሙን ሁሉ ያውቃል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይቆጥራል። ሲጠማው ግን ያለቅሳል። ቁጥር መደርደር ዜማ መያዝ ነው፤ ውሃ መጠየቅ ሰው መፈለግ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ከቪዲዮ ጥሪ ውጭ ስክሪን አይመክርም። ደሴ ካለችው አያት ጋር በስልክ መተያየት ከክልከላው ውጭ መሆኑን ስነግራቸው ብዙ እናቶች እፎይ ይላሉ።

አሁን ወደ ምዘናው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና ዛሬ አይዲኢኤ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ ልጅ በራሱ ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል። ሕጉ ግሩም ነው። ወደ ሥራ ሲወረድ ግን በየቢሮው መደርደሪያ ላይ ያሉት መፈተኛዎች ለእንግሊዝኛና ለስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች የተሠሩ ናቸው። ወደ አማርኛ ተርጉሞ ነጥብ መስጠት አይቻልም፤ ነጥቡ የተሰላው በሌላ ቋንቋ ልጆች ነው። ስለዚህ ባለሙያው ጆሮውን ይዞ መግባት አለበት።

ጆሮው ምን ይሰማል? ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቢያንስ 50 ቃል እንዲኖረውና ሁለት ቃል እንዲያጋጥም ይጠበቃል። ልኩ የተቆረጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት የእኛ ልጅ «አልበላም» አለች እንበል። ባልደረባዬ አንድ ቃል ትቆጥርላታለች። በውስጡ ግን የማይበላው ማን እንደሆነ፣ እምቢታው፣ ግሡም አለ፤ እንግሊዝኛው «አይ ዎንት ኢት» ብሎ ሦስት ቃል የሚፈጅበትን ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ ጨርሳዋለች። «ስጪኝ» ያለ ልጅም እንዲሁ፤ የሚሰጠውን፣ የሚቀበለውን፣ ሰጪዋ ሴት መሆኗንም ተናግሯል። ቃል እየቆጠረ የሚመዝን ሰው እነዚህን ልጆች ዘግይተዋል ይላቸዋል። ተቃራኒውም አለ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ «አበላም» እያለ ለ ቢጥል፣ ወይም ጠብቆ የሚነገረውን ሁሉ እያላላ «አለ» ብሎ መኖርንና ማለትን አንድ ቢያደርግ፣ አማርኛ የማይሰማ ጆሮ በላዩ ላይ ያልፋል።

ድምፆቹም ላይ ያው ነው። በእንግሊዝኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ የሉም። ልጁ ጠን ተ ሲያደርግ አንዱ «ጥሩ ተ አወጣ» ይላል፤ ችግሩን እንደ ስኬት ይመዘግበዋል። «ስኩል» ለማለት «እስኩል» ያለውን ደግሞ አፍ ላይ ችግር አለበት ብሎ ቀጠሮ ይይዝለታል። እናቱንም አባቱንም ሰምቷቸው ቢሆን እንደዚያው እንደሚሉ ያውቅ ነበር። አማርኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ አያከማችም፤ ልጁ የወላጆቹን ቋንቋ ሕግ ነው ያከበረው።

አንዱ የሁለት ዓመት ልጅ እናቱን ሲጠራ «ና! ና!» ይላታል። ቤቱ ሁሉ ይስቃል። እሷም «ወንድ አደረገኝ» ትላለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ልጁ ሲጠራ የሚሰማው «ና» የሚል ነው፤ ሰው መጥሪያ መሆኑን ለይቶ ወስዶ እሱም ሰው ጠራበት። «ነይ»ን ቀስ ብሎ ያመጣዋል። በወረቀት ላይ ይህ ስህተት ነው፤ በሥራዬ ግን የሳምንቱ ምርጥ ዜና ነበር።

ጊዜን በተመለከተ ለወገኖቼ የምቆጣበት ነገርም አለኝ። «የአባቱ ወገን ዘግይቶ ነው የሚናገር»፣ «ወንድ ልጅ ነው፣ ተዪው»፣ «አጎቱ አራት ዓመቱ ድረስ ዝም ብሎ ዛሬ ኢንጂነር ነው»። አጎትየው እውነት ሊሆን ይችላል። እንደ እሱ ዝም ብለው ኢንጂነር ያልሆኑትን ግን ማንም ለቅሶ ቤት አያወራቸውም። እዚህ አገር ወላጅ ራሱ ደውሎ ልጄን እዩልኝ ማለት ይችላል፤ የሐኪም ወረቀት አያስፈልገውም። ከተደወለበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተመዝኖ፣ የሚገባው ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር ዕቅድ ሊወጣለት ሕጉ ያስገድዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ቤተሰቡ ለዚህ አገልግሎት አይከፍልም። የመኖሪያ ወረቀት አንጠይቅም። በዋሽንግተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ያዛል። ይህ ሁሉ በር ተከፍቶ ሳለ ሦስት ዓመት ሞልቶት የሚመጣብኝ ልጅ ብዙ ነው፤ ሦስት ሲሞላ ጉዳዩ ከእኔ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል።

ከሁሉ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ። ሲወለድ ምርመራ አልፏል ማለት አይበቃም፤ ደጋግሞ ጆሮውን የሚታመም ልጅ ቃላትን ከውሃ በታች እንዳለ ሰው ሊሰማቸው ይችላል። «ምላሱ ታስሯል፣ ይቆረጥለት» ለሚሉም፦ የታሰረ ምላስ አንዳንድ ድምፅ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ልጅ ቃል እንዳይኖረው፣ ሲጠሩት ዞር እንዳይል አያደርግም። አገር ቤት እንጥል ማስቆረጥ የሚባለውንማ አታንሱብኝ።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል ሳነሳ ፊቱን የማያጠቁር ወላጅ የለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ክትትል በሚደረግባቸው አካባቢዎች ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ተለይቷል። አንዲት እናት ይህን ስነግራት «በቤተ ክርስቲያናችን ግን አንድም የለም» አለችኝ። አለ። እሁድ እሁድ ቤት ያስቀሩታል። ጸበል እንወስደዋለን ለሚሉኝ የምመልሰው አንድ ነው፤ ጸበሉንም ውሰዱት፣ የማክሰኞዋንም ቀጠሮ አታሳልፉ። እስካሁን በዚህ የተቆጣኝ ቄስ የለም።

ይህን ሥራ እናቶች እንደሚሸከሙት አዲስ አበባ ውስጥ ከማንም ቀድማ ያሳየችው ዘሚ የኑስ ናት። ከአሜሪካ የተመለሰች የውበት ሙያ ባለቤት ነበረች፤ ልጇ ኦቲዝም ነበረው። የሚቀበለው ትምህርት ቤት ሲታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች፤ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከጓዳ ያወጣው በእሷ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካለፈች ድረስ ስታስተምርበት የነበረው ዘዴ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ይባላል፤ ልጆቹን በአማርኛ ፊደል በኩል ወደ ንግግር ለማምጣት የተሠራ ነው። በሙያ ዓይን ሳየው የሚገርመኝ መነሻው ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ለብቻው ሲጠራ ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። የእኛ «መ» ግን ስሙም ድምፁም አንድ ነው፤ ተነባቢና አናባቢ ይዞ በአንድ አፍ የሚወጣ። መናገር ለሚያቅተው ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘሚ የንግግር ሐኪም አልነበረችም፤ በአማርኛ የምታስብ እናት ነበረች።

እንግዲህ ሙያው። በአሜሪካ የንግግርና የቋንቋ ባለሙያ ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። በትምህርቱ ጊዜ 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለ። ከዚያ ፕራክሲስ የሚባል ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያ ቢያንስ 36 ሳምንት በሌላ ባለሙያ ሥር ሆኖ መሥራት፣ ከዚያ የስቴት ፈቃድ። ዋሽንግተን ውስጥ ብቻ ሃዋርድ፣ ጋሎዴት፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩታል፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ኮሌጅ ፓርክ ላይ አለ። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በሌላ ከሆነም ጥቂት መሠረታዊ ኮርሶች ጨምሮ መግባት ይቻላል።

ነርስነትን ለምን እንደምንመርጥ አውቃለሁ። ቶሎ ያልቃል፣ ሽፍቱ ይታጠፋል፣ ደመወዙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤት ያሠራል፣ ለእናትም ለማስረዳት ቀላል ነው። ይህኛው ሙያ መግቢያው ጠባብ ነው፤ የማስተርሱ ክፍያም ያማል። ገቢው ግን እንደሚወራው ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ ሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 የሙያውን አጋማሽ ደመወዝ ወደ 89,000 ዶላር አስቀምጦታል፤ ግማሹ ባለሙያ ከዚያ በላይ ያገኛል ማለት ነው። ከሙያ ማኅበራችን አባላት ግን በሁለት ቋንቋ አገልግሎት እሰጣለሁ ብሎ የተመዘገበው ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ ከእነሱም የሚበዙት የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ስትጠየቁ «አንዲት አለች፣ ወረፋዋ ረጅም ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

ካውንቲዎቹንም አልተዋቸውም። በየዓመቱ ለስልክ አስተርጓሚ ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የማስተርስ ክፍያ ቢያውሉትና «ተመርቀህ ይህን ያህል ዓመት እዚህ ታገለግላለህ» ብለው ቢያስፈርሙ፣ ሕጉ የሚያዝዘውን ምዘና በእውነት ማድረግ ይችላሉ። እስከዚያው አስተርጓሚዎቹን ቢያንስ አንድ ከሰዓት ያሠልጥኗቸው፤ «ልጁ ያለውን እንዳለው ንገሩን፣ አታርሙት» ለማለት ብዙ በጀት አይፈልግም።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ማስተርስ ስጀምር አንዲት መምህር በአክሰንትሽ ልጆችን ማስተማር ትችያለሽ ወይ ብላኝ ነበር። የሚያስፈልገው ድምፁን በትክክል አውጥቶ ማሳየት መቻል እንጂ የአሜሪካ ተወላጅ መስሎ ማውራት አይደለም፤ የማኅበሩም አቋም ይኸው ነው። ስለዚህ ማንም ይህን ቢላችሁ አትደንግጡ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ፎኔቲክስ የሚባል ኮርስ ይመጣል። የሆነ ሳምንት ላይ መምህሩ በጉሮሮ አየር ዘግተው የሚያፈነዷቸው ድምፆች የሚል ምዕራፍ ይከፍትና እኔ በደንብ አላወጣቸውም፣ ከቴፕ ስሙ ይላል። ክፍሉ ሙሉ ሊሞክር ይስላል። እናንተ እጃችሁን አውጡና ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ በሉለት።